ስለ ብዙ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤተ ሰብ አደራ የተሰጠ ትምህርት

ምስጋና ሁሉ ፍጥረቱን ፈጥሮ ለማይረሳ፣ ለእያንዳንዱም ነፍስ ሲሳዩን ለሚያደርስ ለአላህ ይሁን። የአላህ እዝነትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፤ ምእመናን ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! ዛሬ የምንማረው ስለ ብዙ ልጆች አስተዳደግ ነው። አላህ በጥበቡ ለአንዱ ወንዶችን፣ ለሌላው ሴቶችን፣ ለአንዳንዱም ሁለቱን አቀላቅሎ ይሰጣል፤ የወደደውንም ያለ ልጅ ያኖረዋል። ስለዚህ የልጅ መብዛት የሰው ጉብዝና፣ የልጅ ማጣትም የሰው ጉድለት አይደለም። ነገር ግን ስምንት ወይም ዐሥር ልጆች የተሰጠው ሰው፣ አንድ ልጅ ከተሰጠው ይልቅ የሚጠየቅበት ነገር ብዙ መሆኑን ማወቅ ይገባዋል።

ጎረቤት ከውጭ ሆኖ ሲመለከት፣ «እገሌ የታደለ ነው፤ ቤቱ ሙሉ ነው» ይላል። ባለቤቱ ግን የቤቱን ውስጥ ያውቃል። አንዱ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስል ያድራል፤ ሌላው ጧት ደብተሩ ጠፍቶበት ያለቅሳል፤ የታላቁ ልብስ ለታናሹ ሲተላለፍ ሦስተኛው ዘንድ ሳይደርስ ያልቃል፤ ዒድ በቀረበ ጊዜም የሁሉ ዓይን የአባትን እጅ ይመለከታል። እናትም ዱቄቱን እየለካች፣ ዘይቱን እየቈጠበች ለሁሉ እንዲዳረስ ትጨነቃለች። ይህ በየቀኑ የሚደርስ በመሆኑ ሰዎች እንደ ተራ ነገር ይቈጥሩታል፤ በአላህ ዘንድ ግን በሚዛን የሚቀመጥ ታላቅ ሥራ ነው።

አንደኛ፤ ልጅ አደራ ስለ መሆኑ

አንተ ነጋዴ ሆይ! የአደራን ነገር ከሌላው ሰው ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። አንድ ሰው ወደ ሐጅ ሲሄድ ዐሥር ጥቅል ጨርቅ በሱቅህ ቢያስቀምጥ፣ በተመለሰ ጊዜ አንድ በአንድ ቈጥረህ ታስረክበዋለህ። ዘጠኙን መልሰህ፣ «ዘጠኙን በደኅና ጠብቄአለሁ» ብትለው፣ ከአንዱ ጥቅል ዕዳ ነፃ አትወጣም። ልጆችም እንዲሁ ናቸው። በብዙ ልጆች ቤት ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠፋው ጩኸተኛው ልጅ አይደለም፤ የማይናገረው፣ የማያስቸግረው፣ ከመካከል የተወለደው ልጅ ነው። ጩኸተኛው በጩኸቱ ይታያል፤ ታላቁ በታላቅነቱ፣ ታናሹም በታናሽነቱ ይታያል፤ ዝምተኛው ግን ታሞ እንኳ ሳይታወቅለት ሊሰነብት ይችላል።

በሒጅራ አቈጣጠር በ505፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1111 ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊ፣ «ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን» በተባለው ታላቅ መጽሐፋቸው ልጅ በወላጆቹ እጅ ያለ አደራ እንደ ሆነ፣ ልቡም ማናቸውንም ቅርጽ ለመቀበል የተዘጋጀ ንጹሕ ነገር እንደ ሆነ አስተምረዋል። እሳቸው ራሳቸው አባታቸው የሞቱባቸው ገና በልጅነታቸው ነበር። አባትየው ከመሞታቸው በፊት እሳቸውንና ወንድማቸውን አሕመድን ከጥቂት ገንዘብ ጋር ለአንድ ደግ ወዳጃቸው አደራ ሰጡ። ወዳጁም ገንዘቡ እስኪያልቅ አስተማራቸው፤ ባለቀም ጊዜ በእውነት ነገራቸውና ምግብ ወደሚሰጥበት የትምህርት ቤት መራቸው። እነሆ፣ አንድ ሰው የሌላውን ልጆች አደራ ስለ ጠበቀ የእስልምና ዕውቀት ምን ያህል እንደ ተጠቀመ ተመልከቱ።

አል-አቅራዕ ኢብን ሓቢስ የተባለ የጎሣ አለቃ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የልጃቸውን ልጅ ሐሰንን ሲስሙ አይቶ፣ እርሱ ዐሥር ልጆች እንዳሉትና ከነርሱ አንዱን እንኳ ስሞ እንደማያውቅ በመደነቅ ተናገረ። ነቢዩም ተመለከቱትና የማያዝን ሰው እንደማይታዘንለት ነገሩት። ይህ ሰው የልጆቹን ቍጥር ያውቅ ነበር፤ የጎደለው ቍጥር ሳይሆን ርኅራኄ ነበር። ስለዚህ አባት ሆይ፣ እያንዳንዱን በስሙ ጥራው። በየሳምንቱ ከልጆችህ አንዱን በተራ ለብቻው ይዘህ ወደ መስጂድ ወይም ወደ ገበያ ሂድ፤ በመንገድም አናግረው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ልጁ ግን እስኪያረጅ አይረሳውም።

ይሁን እንጂ አባት የሚጠየቀው ስለ ትጋቱ እንጂ ስለ ውጤቱ አይደለም። የነቢዩ ኑሕ ልጅ ከአባቱ ምክር አፈንግጦ በውኃ መጥፋቱን ቁርኣን ይነግረናል። ልፋቱን ሁሉ ለፍቶ አንድ ልጅ የጠፋበት አባት ልቡ አይሰበር፤ ዱዓውንም አይተው፤ በሩንም አይዝጋ። ተጠያቂው ሳይፈልግ፣ ሳይመክር፣ ሳያይ የጠፋበት ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ሐላል ሲሳይ

ከእስልምና በፊት የነበሩ ዐረቦች ድኅነትን ፈርተው ልጆቻቸውን ይገድሉ ነበር። ቁርኣን ይህንን በሁለት ቦታ ከልክሏል። በሱረቱል አንዓም (6፥151) ንግግሩ አሁን በድኅነት ውስጥ ላሉት ስለ ሆነ፣ አላህ የወላጆቹን ሲሳይ አስቀድሞ የልጆቹን ያስከትላል። በሱረቱል ኢስራእ (17፥31) ግን ንግግሩ ወደ ፊት ይመጣል ብለው ድኅነትን ለሚፈሩት ስለ ሆነ፣ የልጆቹን ሲሳይ አስቀድሞ የወላጆቹን ያስከትላል። ይህንን የቃል ቅደም ተከተል የተፍሲር ዐሊሞች አስተውለውታል። ትርጕሙም፣ ለዛሬው ጭንቀትህ መልስ አለው፤ ለነገው ፍርሃትህም መልስ አለው ማለት ነው።

ነገር ግን በአላህ መመካት ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ዐብዱር-ረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ.) ንብረቱን በመካ ትቶ ወደ መዲና በተሰደደ ጊዜ፣ ሰዕድ ኢብን አር-ረቢዕ (ረ.ዐ.) የተባለው አንሷሪ ወንድሙ የሀብቱን እኩሌታ ሊያካፍለው ወደደ። ዐብዱር-ረሕማን ግን መርቆት የገበያውን መንገድ ብቻ እንዲያሳየው ለመነው፤ ወጥቶም በደረቀ ዓይብና በቅቤ ንግድ ጀመረ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በእጃቸው በነበረ ጊዜ የቤተ ሰባቸውን የዓመት ቀለብ ያስቀምጡ እንደ ነበር ዑመር ኢብን አል-ኸጧብ (ረ.ዐ.) ተናግረዋል። ስለዚህ ለልጆች ቀለብ አስቀድሞ ማሰብ የእምነት መድከም አይደለም።

ወንድሜ ነጋዴ ሆይ፣ አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ኢማም አል-ገዛሊ የትዳርን ችግሮች በዘረዘሩ ጊዜ ከሁሉ አስቀድመው የጠቀሱት፣ ሰው ቤተ ሰቡን በሐላል ለመመገብ ሲሳነው ወደ ሐራም መዘርጋቱን ነው። ይህ ፈተና የሚመጣው በክፉ መልክ ተገልጦ አይደለም፤ የርኅራኄን ልብስ ለብሶ ነው። ሚዛኑን በጥቂቱ የሚያጐድል ሰው፣ «ልጆቼ ብዙ ናቸው» ይላል። የተበላሸውን እህል ከደኅናው ጋር የሚቀላቅል፣ «የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሶብኛል» ይላል። ወለድ የሚቀበል፣ «ለልጆቼ ብዬ ነው» ይላል። ልጆቹ ግን ይህንን አላዘዙትም፤ ቢጠየቁም ከሰው ጉሮሮ የተነጠቀውን ከመብላት ጥቂት መራብን በመረጡ ነበር። የጐደለው ሚዛን ገዥም እንደ አንተው የስምንት ልጆች አባት ሊሆን ይችላል፤ ከልጆቹ አፍ ወስደህ በልጆችህ አፍ አታኑር።

በዚህ ፈንታ ሦስት ነገሮችን ያዝ። አንደኛ፣ የሱቁን ገንዘብ ከቤቱ ገንዘብ ለይ፤ ለቤት የሚሆነውን በየሳምንቱ ቍረጥና ስጥ፤ ከመሳቢያው እየተነሣ የሚወጣ ገንዘብ ሱቁንም ቤቱንም ያደኸያል። ሁለተኛ፣ በልጆችህ ብዛት ምክንያት ዘካህን አታጕድል፤ ቀለባቸው በአንተ ላይ ግዴታ ስለ ሆነም ዘካህን ለገዛ ልጆችህ ቀለብ ማድረግ እንደማይቻል ዕወቅ። ሦስተኛ፣ ለቤትህ የምታወጣውን ገንዘብ እንደ ኪሳራ አትቍጠረው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በጦር ሜዳ፣ ባሪያን ነፃ በማውጣት፣ ለድኻም በመስጠት የሚወጣውን ዲናር ከዘረዘሩ በኋላ፣ ምንዳው ከሁሉ የሚበልጠው ሰው ለቤተ ሰቡ የሚያወጣው እንደ ሆነ አስተምረዋል።

ሦስተኛ፤ በልጆች መካከል ስለ ፍትሕ

በሺር ኢብን ሰዕድ (ረ.ዐ.) ኑዕማን ለተባለው ልጁ ስጦታ ሰጠ። የልጁ እናት ዐምራህ ቢንት ረዋሓ ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምስክር ካልሆኑበት አልስማማም አለች። በሺርም ወደ ነቢዩ በሄደ ጊዜ፣ ለሌሎቹም ልጆቹ ይህንኑ ያህል ሰጥቶ እንደ ሆነ ጠየቁት። አለመስጠቱን ሲነግራቸው፣ አላህን እንዲፈራና በልጆቹ መካከል ፍትሕ እንዲያደርግ አዘዙት፤ ለመመስከርም እምቢ አሉ። በአንድ ዘገባም፣ ልጆቹ ሁሉ በእኩልነት እንዲጦሩትና እንዲያከብሩት ይወድ እንደ ሆነ ጠየቁት፤ እንደሚወድ በመለሰ ጊዜ፣ እንግዲያውስ እንዲህ አታድርግ የሚል መልስ ሰጡት። በሺርም ስጦታውን መለሰ። ይህንን የነገረን ስጦታው የተመለሰበት ልጅ ኑዕማን ራሱ ነው፤ በአባቱም ላይ ቂም አልያዘም።

ከዐሊሞች መካከል በስጦታ ማስተካከል ግዴታ ነው ያሉ አሉ፤ የተወደደ ነው ያሉም አሉ። ነገር ግን ሁሉም ልጆችን ማበላለጥ የጠብ ዘር መሆኑን አይክዱም። የነቢዩ ያዕቁብን ቤት አስታውሱ። ዐሥራ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። ወንድማማቾቹ ዩሱፍን ወደ ጕድጓድ የጣሉት፣ እርሱና ወንድሙ ከእኛ ይልቅ በአባታችን ዘንድ ተወደዱ ብለው ስላሰቡ ነው። ያዕቁብ ነቢይ ናቸው፤ በደል አልሠሩም። ዩሱፍም ሕልሙን ለወንድሞቹ እንዳይነግር አስጠንቅቀውት ነበር። እንግዲህ በነቢይ ቤት፣ ያለ በደል፣ በመጠርጠር ብቻ ይህ ከሆነ፣ አንዱን ልጅ በሌሎቹ ፊት በግልጥ በምናስበልጥበት በእኛ ቤት ምን ይሆናል?

ፍትሕ ማለት ግን ለሁሉ አንድ ዓይነት ነገር መስጠት ብቻ አይደለም። የታመመው መድኃኒት፣ ተማሪው መጽሐፍ፣ ሕፃኑም ወተት ያስፈልገዋል፤ ይህ ቀለብ ነው እንጂ ስጦታ አይደለም። ማስተካከል የሚገባው ከዚህ በላይ በሚሆነው ስጦታ፣ በፊት ማሳየት፣ በቃልም ነው። ወንዱን ከምግብ በኋላ እጁን አስታጥበህ ስታስቀምጠው፣ ሴቷ ግን ጥናቷን ትታ ሁልጊዜ ዕቃ የምታጥብ ከሆነች፣ ይህም የሚዛን መጕደል ነው።

በነጋዴዎች ቤት ተለይቶ የሚታይ ሌላ ነገር አለ። ታላቁ ልጅ ትምህርቱን ትቶ በአባቱ ሱቅ ዐሥር ዓመት ያገለግላል፤ ደመወዙ አልተቈረጠም፤ ሸሪክ መሆኑም አልተነገረም። አባት በሞተ ጊዜ እርሱ፣ «ሱቁን ያቆምሁት እኔ ነኝ» ይላል፤ ወንድሞቹና እኅቶቹም፣ «የአባታችን ንብረት ነው» ይላሉ። ሁሉም እውነት አላቸው፤ ጥፋቱ ያለው ነገሩን ሳይለይ በሞተው ላይ ነው። አባት ሆይ፣ በሕይወትህ ሳለህ ደመወዙን ቍረጥለት፤ ወይም ድርሻውን በምስክሮች ፊት በጽሑፍ አድርግለት። ይህ ልጅን አለማመን አይደለም፤ ወንድማማችነትን መጠበቅ ነው።

አራተኛ፤ ስለ እናት ድካም

የነቢዩ ልጅ ፋጢማ (ረ.ዐ.) ወፍጮ ስትፈጭ እጇ ስለ ሻከረ የምታግዛት አገልጋይ ለመጠየቅ ወደ አባቷ ሄደች። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ማታ ወደ እርሷና ወደ ዐሊይ (ረ.ዐ.) መጥተው በመካከላቸው ተቀመጡ፤ ከአገልጋይ የሚበልጥ ነገር ብለውም በሚተኙበት ጊዜ 33 ጊዜ ሱብሓነላህ፣ 33 ጊዜ አልሐምዱሊላህ፣ 34 ጊዜ አላሁ አክበር እንዲሉ አስተማሯቸው። አስተውሉ፤ ነቢዩ ድካሟን አልካዱም፤ አልገሠጿትም፤ በሌሊት ወደ ቤቷ መጡ እንጂ። ብዙ ሴቶች የሚፈልጉት አስቀድሞ ይህንን ነው፤ ድካማቸው እንዲታይላቸው።

እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ.) ነቢዩ በቤታቸው ምን ያደርጉ እንደ ነበር በተጠየቀች ጊዜ፣ ቤተ ሰባቸውን ያገለግሉ እንደ ነበር፣ የሶላት ጊዜም ሲደርስ ወደ ሶላት ይወጡ እንደ ነበር ተናግራለች። በሌላም ዘገባ ጫማቸውን ይጠግኑ፣ ልብሳቸውንም ይሰፉ ነበር። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ በሱቅ ተቀምጦ የዋለ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ የዋለችውን ሚስቱን ውኃ አቀብዪኝ ከማለቱ በፊት ጥቂት ያስብ። የሚያለቅሰውን ሕፃን ተቀብሎ ግማሽ ሰዓት ቢይዝላት ክብሩ አይቀንስም።

ቁርኣንም በሱረቱል በቀራህ (2፥233) ጡት የማጥባትን ጊዜ ለመሙላት ለሚሹ ሁለት ሙሉ ዓመት ወስኗል፤ የእናትን ቀለብና ልብስ በአባት ላይ አድርጓል፤ ጡት ማስጣልን በሁለቱ ምክክርና ስምምነት አድርጎታል፤ እናትም አባትም በልጃቸው ምክንያት እንዳይጐዱ ከልክሏል። በአንድ ሕፃን ጡት ጕዳይ ላይ ባልና ሚስት እንዲማከሩ የታዘዘ ከሆነ፣ በትምህርት ቤት፣ በጋብቻ፣ በቤት መለወጥ ጕዳይማ ምክክር ምንኛ ይበልጥ የተገባ ነው!

አምስተኛ፤ ስለ ቤት ሥርዓት

ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ከባሏ ከአቡ ሰለማ ጋር ወደ ሐበሻ ምድር ከተሰደዱት ቀደምት ሙስሊሞች አንዷ ነበረች። አቡ ሰለማ በሞተ ጊዜ ሰለማ፣ ዑመር፣ ዘይነብና ዱርራ የተባሉ ልጆችን ይዛ ቀረች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለጋብቻ በጠየቋት ጊዜ፣ የምታሳድጋቸው ልጆች እንዳሏት እንደ ችግር አድርጋ ነገረቻቸው። እሳቸውም የእርሷ ቤተ ሰብ የእሳቸው ቤተ ሰብ እንደ ሆነ መለሱላት። ልጇ ዑመር በገበታ ላይ እጁ ወዲያና ወዲህ ሲዞር አይተው፣ የአላህን ስም እንዲጠራ፣ በቀኙ እንዲበላ፣ ከፊቱም ካለው እንዲበላ አስተማሩት። እርሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ አበላሉ እንደዚሁ ሆኖ እንደ ቀረ ተናግሯል። የብዙ ልጆች ገበታ ያለው ሰው የዚህን ትምህርት ጥቅም ያውቃል። ከፊት ካለው መብላት የጨዋነት ሥርዓት ብቻ አይደለም፤ ፈጣኑ የዘገምተኛውን ድርሻ እንዳይወስድ የሚጠብቅ ፍትሕ ነው። ነቢዩ ያስተማሩትም በጩኸት አልነበረም፤ በሦስት አጫጭር ቃላት ነበር።

ሰባት ዓመት የሞላውን ልጅ በሶላት ማዘዝ፣ ዐሥር ዓመት ሲሞላም መኝታን መለየት የታወቀ ትእዛዝ ነው። በሱረቱን ኑር (24፥58) ደግሞ ልጆች በሦስት ጊዜያት ይኸውም ከፈጅር ሶላት በፊት፣ ሰዎች ልብሳቸውን በሚያወልቁበት በቀትር ጊዜ፣ ከዒሻም ሶላት በኋላ ወደ ወላጆቻቸው ክፍል ሳያስፈቅዱ እንዳይገቡ ታዟል። ቤታችን ጠባብ ነው የሚል ሰው ይኖራል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የጠበበ ቤት ሥርዓት ከሌለው ይበልጥ ይጠብባል። በአንድ ክፍል ውስጥ መጋረጃ መጋረድ፣ ለእያንዳንዱ የራሱን ብርድ ልብስ መስጠት፣ ከመግባት በፊት ሰላምታ ማቅረብ ይቻላል።

በዘመናችን ልጆች በአንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱ በእጁ ስልክ ላይ አቀርቅሮ ሲያመሽ ይታያል፤ ቤቱ ጸጥ ስላለ አባት ደስ ይለዋል። ይህ ጸጥታ ግን ሰላም ላይሆን ይችላል። ከመግሪብ እስከ ዒሻ ያለውን ጊዜ የቤቱ ሁሉ ጊዜ አድርጉት፤ ጥቂት ቁርኣን ይቀራ፣ ታላቁ ታናሹን ያስጠና፣ አባትም ስልኩን ከሁሉ አስቀድሞ ያስቀምጥ።

ስድስተኛ፤ ስለ ታላላቅ ልጆች ሸክም

በሒጅራ 3ኛው ዓመት (በ625) በኡሑድ ዘመቻ ከተሠዉት አንዱ ዐብዱላህ ኢብን ዐምር ኢብን ሐራም (ረ.ዐ.) ነበር። በቤቱ ብዙ ሴቶች ልጆችን (በአንድ ዘገባ ዘጠኝ ናቸው) ከብዙ ዕዳ ጋር ትቶ ሞተ። ይህ ሁሉ የወደቀው በወጣቱ ልጁ በጃቢር (ረ.ዐ.) ትከሻ ላይ ነው።

ጃቢር ምን አደረገ? አስቀድሞ ዕዳውን አልሸሸገም። አበዳሪዎቹ የዓመቱን ቴምር ተቀብለው የቀረውን እንዲተዉለት በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በኩል ተለመኑ፤ እምቢ አሉ። ነቢዩም ቴምሩን በየዓይነቱ ለይቶ እንዲከምር አዘዙትና መጥተው በዚያ ተቀመጡ፤ ለአበዳሪዎቹም ተሰፈረላቸው። በአላህ በረከት የእያንዳንዱ ዕዳ ሙሉ በሙሉ ተከፈለ፤ ቴምሩም ተረፈ። ተአምሩ የአላህ ነው፤ ነገር ግን ከተአምሩ በፊት የነበረውን ሥራ አትርሱ። ጃቢር ቴምሩን ለየ፣ ከመረ፣ አበዳሪዎቹንም ፊት ለፊት ተገናኘ።

ሁለተኛ፣ በትዳሩ እኅቶቹን አሰበ። ከአንድ ዘመቻ ሲመለሱ ግመሉ ደክሞ ወደ ኋላ ቀርቶ ሳለ ነቢዩ ተጠጉትና ማግባቱን ጠየቁት። ቀድሞ አግብታ የነበረች ሴት እንዳገባ ነገራቸው። ልጃገረድ ለምን እንዳላገባ በጠየቁት ጊዜ፣ አባቱ ብዙ እኅቶችን ትቶበት መሞቱን፣ እንደ እነርሱ ልጅ የሆነችውን በእነርሱ ላይ መጨመር አለመውደዱን፣ ይልቁንም የምትሰበስባቸውን፣ ጠጕራቸውን የምታበጥርላቸውን፣ የምታሳድጋቸውን ሴት መምረጡን ገለጠላቸው። ነቢዩም መልካም ማድረጉን ነግረው መረቁት። ከዚያም ያን የደከመ ግመል በዋጋ ገዙት፤ እስከ መዲና እንዲቀመጥበት ፈቀዱለት። በደረሱም ጊዜ ቢላልን (ረ.ዐ.) ዋጋውን አመዛዝኖና ጨምሮ እንዲከፍለው አዘዙ፤ ጃቢር ሊሄድ ሲልም ጠርተው ግመሉንም ዋጋውንም ሰጡት። የተቸገረን ወጣት ፊቱን ሳያሳፍሩ፣ በንግድ መልክ መርዳት እንዴት ያለ ርኅራኄ ነው! ነጋዴዎች ሆይ፣ ይህንን መንገድ ተማሩት። በሠፈራችሁ የታናናሾቹን ቀለብ የሚሸከም ወጣት ካለ፣ ምጽዋት ብላችሁ ከምታሸማቅቁት ዕቃውን በመልካም ዋጋ ግዙት፤ ሥራ ስጡት፤ ዱቤውንም አዘግዩለት።

ጃቢር በዚህ ሸክም ምክንያት ከዕውቀት አልቀረም። በሐዲስ መጻሕፍት 1540 ያህል ሐዲሶችን በማስተላለፍ ታውቋል። ይህም ታላቁን ልጅ ለታናናሾቹ ሲሉ ከትምህርት ለሚያስቀሩ ወላጆች ትምህርት ነው። ታላቅ ልጅ ረዳት ነው እንጂ ሁለተኛ አባት አይደለም። ታላቋም ሴት ልጅ ሞግዚት ሆና ልጅነቷን እንድታጣ አልተፈጠረችም። ሥራን ለሁሉም እንደ ዐቅሙ አከፋፍሉ፤ ታላላቆቹ የሠሩትንም በሁሉ ፊት አመስግኑላቸው።

ሰባተኛ፤ ስለ ዕዳ መዝገብና ስለ ውርስ

ለዐብዱር-ረሕማን ሀብቱን ሊያካፍል ወዶ የነበረውን ሰዕድ ኢብን አር-ረቢዕን ከላይ ጠቅሰናል። እርሱም በኡሑድ ተሠዋ። ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሩት፤ አጎታቸውም ንብረቱን ሁሉ ወሰደ። እናታቸው ልጆቿን ይዛ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጣችና፣ ገንዘብ የሌላቸው ልጆች የሚያገባቸው እንደማያገኙ አመለከተች። ነቢዩም የአላህን ፍርድ እንድትጠብቅ ነገሯት። በሱረቱን ኒሳእ ያለው የውርስ አንቀጽ ወረደ፤ አጎትየውም ለልጆቹ ከሦስት እጅ ሁለቱን፣ ለእናታቸው ከስምንት እጅ አንዱን እንዲሰጥና የቀረውን እንዲወስድ ታዘዘ። ንብረቱ 24 ክፍል ቢሆን፣ 16ቱ ለሁለቱ ልጆች፣ 3ቱ ለሚስቲቱ፣ 5ቱ ለአጎት ይሆናል ማለት ነው።

እንግዲህ በዛሬው ጊዜ፣ «ሴት ልጅ ንብረቱን ወደ ባል ቤት ትወስደዋለች» እያለ እኅቱን በይሉኝታ የሚያስፈርም ሰው፣ የሚጣላው ከእኅቱ ጋር አይደለም፤ ድርሻዋን ከወሰነላት ጌታ ጋር ነው። በፈቃዷ ሳይሆን ወንድሞቿን አፍራ የተወችው ድርሻ፣ እንደ ተወችው አይቈጠርም።

ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስም (ረ.ዐ.) በመካ ታሞ ሞትን በፈራ ጊዜ ከአንዲት ልጅ በቀር ወራሽ አልነበረውም። ከንብረቱ ሦስት እጅ ሁለቱን ሊናዘዝ ጠየቀ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከለከሉት። እኩሌታውንም ከለከሉት፤ ሲሶውን ግን፣ እርሱም ብዙ መሆኑን ነግረው ፈቀዱለት። ወራሾችን ባለ ሀብት አድርጎ መተው፣ ሰው እጅ የሚጠብቁ ድኾች አድርጎ ከመተው እንደሚሻልም አስተማሩት። ሰዕድ ከዚያ በሽታ ተነሥቶ ብዙ ዘመን ኖረ፤ ብዙ ልጆችንም ወለደ። ሰው ዛሬ የሚጽፈው ኑዛዜ ገና ያልተወለዱ ልጆቹን ሊጠብቅ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ (2፥282) የሚናገረው ስለ ዕዳ መጻፍ መሆኑን ነጋዴ ሁሉ ያስታውስ። ስለዚህ ዛሬ ማታ ወደ ቤትህ ስትገባ እነዚህን በአንድ መዝገብ ጻፍ፦ ለማን ዕዳ አለብህ? ማን ዕዳ አለበት? ከሸሪክህ ጋር ያለህ ድርሻ ስንት ነው? በእጅህ ያለው የሰው አደራ የማን ነው? ያልከፈልኸው የሚስትህ መህር አለን? መዝገቡ ያለበትን ቦታ ሚስትህና አንድ የታመነ ሰው ይወቁት። ብዙ የቲሞች ድኻ የሆኑት አባታቸው ገንዘብ ስላልነበረው አይደለም፤ ገንዘቡ በልቡ እንጂ በወረቀት ስላልነበረ ነው።

ሁለት ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ምናልባት አንዱ፣ «ሚስቴ ደክማለች፤ በልጆች መካከል ጊዜ ማራራቅ ይፈቀዳልን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ፦ ባልደረቦች ቁርኣን በሚወርድበት ዘመን ፅንስ እንዳይፈጠር «ዐዝል» የሚባለውን ያደርጉ እንደ ነበር የዘገበው ያው ጃቢር (ረ.ዐ.) ነው። ከዚህም የተነሣ ብዙ ዐሊሞች ባልና ሚስት ተስማምተው ጤናን በማይጐዳ መንገድ ጊዜ ማራራቅን ፈቅደዋል፤ ኢማም አል-ገዛሊም ከነዚህ አንዱ ናቸው። የእናት ሕይወትና ለሕፃኑ የሚሆነው ሁለት ዓመት ጡት ቀላል ነገር አይደለም። በዚህ ጕዳይ የታመነ ሐኪምንና ዐሊምን ጠይቁ፤ ሚስትንም አስቀድሙ።

ሌላውም፣ «ንግዴ ከስሯል፤ ልጆቼ ግን ብዙ ናቸው፤ ምን ላድርግ?» ይል ይሆናል። መልሱ፦ አስቀድመህ ለሚስትህ እውነቱን ንገራት፤ የተሸሸገ ኪሳራ በዕዳ ላይ ዕዳ ይወልዳልና። ወጪህን ዛሬውኑ ቀንስ፤ ለአበዳሪዎችህም ሳይፈልጉህ ቅረባቸው። በሱረቱት ተውባህ (9፥60) ዘካት ከተመደበላቸው ስምንት ወገኖች መካከል ድኾችና ባለ ዕዳዎች ይገኛሉ፤ ስለዚህ ዘካን መቀበል የሚገባው ሰው በመቀበሉ አይፈር። ትናንት ሰጪ የነበረ ዛሬ ተቀባይ ቢሆን፣ ቀኖችን የሚያዘዋውራቸው አላህ ነው።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! የትምህርታችን ፍሬ ይህ ነው። ልጆቻችሁን አንድ በአንድ ቍጠሯቸው እንጂ በጅምላ አትቍጠሯቸው፤ በሐላል መግቧቸው፤ በመካከላቸው ሚዛን አታጕድሉ፤ የእናታቸውን ድካም እዩ፤ የታላላቆቹን ሸክም አቅልሉ፤ ዕዳችሁንና አደራችሁን ጽፋችሁ አስቀምጡ።

አላህ ሆይ! ልጆቻችንን የዓይናችን መርጊያ አድርግልን። በሐላልህ ከሐራም አብቃቃን። በቤታችን የተረሳ ልጅ፣ በሱቃችን የጐደለ ሚዛን፣ በመዝገባችን የተሸሸገ ዕዳ አታኑር። አባት የሞተባቸውን የቲሞች፣ ብቻዋን የምታሳድገዋን እናት፣ በወጣትነቱ ቤት የተሸከመውንም ልጅ አንተ አግዛቸው። ሰላምህና እዝነትህም በነቢያችን በሙሐመድ ላይ ይሁን። አሚን።